የሞቱት የእኛ ልጆች ናቸው፣ ወሬው ግን አሁንም ስለ ስልክ ቁጥር ነው

ዛሬ ሥራ ቦታ እረፍት ላይ ቁጭ ብለን ያ የሲግናል (የስልክ መልእክት መላላኪያ አፑ) ጉዳይ ደግሞ ተነሳ። ጋዜጠኛውን ማን ጨመረው? በስህተት ነው ወይስ ሆን ተብሎ? ቁጥሩ ስልኩ ውስጥ ምን ይሠራል? ዩቲዩቡም ቲክቶኩም ያው እዚያው ላይ ተቸክሏል። ሰምቼ ሰምቼ በቃኝ፣ ዛሬ ሳልናገር አላድርም።

ለረሳችሁት፦ ማርች 2025 ላይ የፕሬዚዳንት ትራምፕ የብሔራዊ ደኅንነት አማካሪ የነበረው ማይክ ዋልትዝ የመን ያሉትን ታጣቂዎች፣ ሁቲዎችን፣ ስለመደብደብ የሚመከርበት የሲግናል ግሩፕ ከፈተ። ምክትል ፕሬዚዳንቱ አለ፣ የመከላከያ ሚኒስትሩ አለ፣ የውጭ ጉዳዩ አለ፣ የሲአይኤው ኃላፊ አለ። በመሃል የዘ አትላንቲክ መጽሔት ዋና አዘጋጅ ጄፍሪ ጎልድበርግም ገባና ማንም ልብ ሳይለው ሁሉን ቁጭ ብሎ አነበበ። ማርች 15 ቀን የመከላከያ ሚኒስትሩ ፒት ሄግሴት የኤፍ-18 አውሮፕላኖቹ የሚነሱበትን ሰዓት፣ ድሮኖቹ የሚመቱበትን ሰዓት፣ የቶማሆክ ሚሳይሎቹን ሰዓት አንድ በአንድ ዘርዝሮ ጻፈ። የመጀመሪያዎቹ አውሮፕላኖች ሊነሱ ግማሽ ሰዓት ሲቀራቸው!

አንጀቴን የሚያሳርረው ግን ከዚያ ወዲያ ያለው ነው። ዋልትዝ የሚፈለገው የሁቲዎች የሚሳይል ኃላፊ ወደ ሴት ጓደኛው ሕንፃ ሲገባ መታየቱን፣ ሕንፃውም መደርመሱን ጻፈ። ምክትል ፕሬዚዳንቱ ጄዲ ቫንስ «ግሩም» አለ። ዋልትዝ የቡጢ፣ የባንዲራና የእሳት ኢሞጂ ላከ። ሕንፃ እኮ ነው! ሰው ቤቴ ብሎ የሚያድርበት ሕንፃ። የታተመውን ጽሑፍ ከላይ እስከ ታች አንብቡት፤ ከእነዚያ ሁሉ ባለሥልጣናት «ውስጥ ሌላ ማን ነበር?» ብሎ የጠየቀ አንድ ሰው አታገኙም።

ከዚያስ? ያኔ የብሔራዊ ስለላ ዳይሬክተር የነበረችው ተልሲ ጋባርድና የሲአይኤው ጆን ራትክሊፍ ሴኔት ፊት ቀርበው ምስጢር የሚባል ነገር አልነበረበትም አሉ። ትራምፕ ዋልትዝን «ትምህርት ወስዷል፣ ጥሩ ሰው ነው» አለ። ሜይ 1 ቀን ከቦታው ሲያነሳው በዚያው ቀን የተባበሩት መንግሥታት አምባሳደር እንዲሆን አጨው፣ በኋላም ሴኔቱ አጸደቀለት። ሄግሴት ወንበሩ ላይ ነው። የራሱ መሥሪያ ቤት ዋና መርማሪ ደንብ ጥሷል፣ ወታደሮችንም ለአደጋ ሊያጋልጥ ይችል ነበር ብሎ ቢጽፍም ምንም አልሆነ።

እኔ የምሠራው አረጋውያን መንከባከቢያ ውስጥ ነው። ገና ስንቀጠር የታካሚ ስም በስልካችሁ እንዳትጽፉ፣ ፎቶ እንዳታነሱ ተብለን ፈርመናል፣ በየዓመቱም ያንኑ ፈተና እንፈተናለን። አንዲት የእኛው እህት ፈረቃ ለምትረከባት ጓደኛዋ የአንዲት አሮጊት ስምና ክፍል ቁጥር ቴክስት አደረገች፤ አሮጊቷ ስለወደቁ ቶሎ እንድታያቸው ብላ። በማግስቱ ዕቃዋን በላስቲክ ይዛ ወጣች። ማንም ትምህርት ወስዳለች፣ ጥሩ ሰው ናት አላለላትም። ሁለት ልጆች ታሳድጋለች።

እሺ፣ ይሄንንም ልተወው። ልተወው የማልችለው የየመኗን ከተማ ሰዓዳን ነው።

ያ በስልክ እየተጻጻፉ የጀመሩት ዘመቻ ማርች 15 ላይ አላበቃም። ሳምንታት ቆየ። ኤፕሪል 28 ሰዓዳ ውስጥ ስደተኞች የታሰሩበት ግቢ በአሜሪካ የአየር ድብደባ ተመታ። ሁቲዎች ያኔ እንዳሉት 68 ሰው ሞተ፣ አብዛኞቹም ኢትዮጵያውያን ናቸው። አምነስቲ ኢንተርናሽናል ከሞት የተረፉትን ልጆች አነጋግሮ፣ ነገሩ የጦር ወንጀል ሊሆን ስለሚችል ይመርመር ብሏል። ግቢው ደግሞ የማይታወቅ ቦታ አይደለም። በ2022 በሳዑዲ የሚመራው ጥምር ጦር ያንኑ ግቢ ደብድቦ ብዙ እስረኛ ገድሎበታል፣ ዓለም ሁሉ ያወቀው ጉዳይ ነው። እስር ቤት መሆኑን አላወቅንም ማለት እንዴት ይቻላል? ልጆቹ ወታደር አይደሉም። በጅቡቲዋ ወደብ በኦቦክ አድርገው፣ ባሕር አቋርጠው፣ ሳዑዲ ገብተን ሠርተን እናታችንን እንረዳለን ያሉ ልጆች ናቸው። በተቆለፈ በር ውስጥ ሆነው ወዴት ይሩጡ?

ያን ሰሞን ከወሎ አንዲት ዘመዴ ደወሉልኝ። ልጃቸው ለመጨረሻ ጊዜ ሲያናግራቸው ሰዓዳ ደርሻለሁ ብሏቸው ነበር። «የኔ እናት፣ አንቺ እዚያው አሜሪካ ነሽ፤ እስቲ ጠይቂልኝ፣ ስም የተጻፈበት ነገር አላቸው እንዴ?» አሉኝ። ምን ብዬ ልመልስ? የአካባቢያችን የኮንግረስ ተወካይ ቢሮ ደወልኩ። መልእክት ተዪ ተባልኩ፣ ተውኩ። እስከ ዛሬ የደወለልኝ የለም።

ስለዚህ እረፍት ላይ ቁጥሩን ማን አስገባው እያላችሁ ስትከራከሩ ደሜ ይፈላል። ነጮቹ ስለ አውሮፕላን አብራሪዎቻቸው ቢጨነቁ አልፈርድባቸውም፣ ልጆቻቸው ናቸው። የእኛስ? አንድ ሳምንት ሙሉ ኢሞጂ ስንተነትን የከረምን ሰዎች ስለ ሰዓዳ አንድ ምሽት እንኳን አላወራንም። ለዘፋኝ ለቅሶ አዳራሽ የምንሞላ ሰዎች ለእነዚህ ልጆች ሻማ ያበራነው ስንቶቻችን ነን? ድሃ ስለሆኑ ነው? በደላላ ስለሄዱ ነው? «ማን ሂዱ አላቸው» የሚል ሰው እዚሁ ኮመንት ላይ ይመጣል፣ አውቃለሁ፤ እሱን ሰው ከወዲሁ ብሎክ አደርገዋለሁ።

ሲልቨር ስፕሪንግ፣ አሌክሳንድሪያ፣ አትላንታ፣ ዳላስ፣ ሲያትል፣ ሚኒያፖሊስ ያላችሁ፣ ድምፅ የምትሰጡ ዜጎች ናችሁ። በምርጫ ሰሞን እየመጡ እንጀራችንን ይበላሉ፣ ነጠላ ለብሰው ፎቶ ይነሳሉ። ደውሉላቸው። ኤፕሪል 28 ሰዓዳ ላይ ስለተመታው እስር ቤት ምርመራው የት ደረሰ በሉ። ትእዛዙን የሰጠው ማን ነው በሉ። ለቤተሰብ ማን ይንገር በሉ። የአንድ ሰው መልእክት ችላ ብለዋል፣ የብዙ ሰው ሲሆን ግን ይከብዳቸዋል። ተወካያችሁ ማን እንደሆነ የማታውቁ ዚፕ ኮዳችሁን በውስጥ መስመር ላኩልኝ፣ ስልኩን ፈልጌ እሰጣችኋለሁ።