በረዶም ውሃም መሆን ላቃታቸው ለክቡር ስላስክ የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለክቡር ስላስክ
በየእግረኛ መንገዱ፣ ስቶክሆልም

ጉዳዩ፦ የክረምትን ወንበር በተጠባባቂነት ከያዙ በኋላ አልነሣም ስለማለትዎ

ክቡር ሆይ፣ እርስዎን፣ በየመንገዱ በከፊል ቀልጦ የሚተኛውን በረዶ፣ ስዊድኖች ባወጡልዎ ስም የምጠራዎ አማርኛችን ለእርስዎ የሚሆን ቃል ስላላዘጋጀ ነው። እኛ ጠጥሮ ለሚወርደውም፣ ከማቀዝቀዣ ለሚወጣውም፣ እንደ ባዘቶ ለሚበተነውም «በረዶ» ብለን ስለምናልፍ፣ ለእናቴ በስልክ «በረዶ ጣለ» ባልኳት ቁጥር «ሰብሉን ጎዳው?» ትለኛለች። ታዲያ ጠዋት ገንፎ፣ ማታ መስታወት የሚሆኑትን እርስዎን፣ ከሁለት ያጣ ጎመን ከማለት በቀር እንዴት አድርጌ ልግለጽላት?

ባለፈው ማክሰኞ የፈጸሙብኝን ላስታውስዎ። ከአውቶቡስ ፌርማታው ፊት ለፊት፣ በመሻገሪያው ጠርዝ ላይ፣ አመድ መስለው ተኝተው ነበር። ደህና መሬት መስለውኝ በቀኝ እግሬ ብረግጥዎ እስከ ቁርጭምጭሚቴ ዋጡኝ። አጠገቤ የቆሙ አንድ አዛውንት፣ አገሬው ልጆቹን የሚያሳድግበትን «መጥፎ አየር የለም፤ መጥፎ ልብስ እንጂ» የሚል አባባል ለገሱኝ። አባባሉ በስዊድንኛ ቤት ይመታል፤ በካልሲዬ ውስጥ ግን አልመታም። ጫማዬ ሲደርቅ የመንገዱ ጨው ነጭ ድንበር አሰመረበት። ሌሊት ደግሞ የቀን ዱካችንን እንደያዙ ስለሚጠጥሩ፣ ሰው እንዳይወድቅ ተብሎ ጠጠር ይበተንብዎታል፤ ያ ጠጠር ከጫማዬ ወደ ምንጣፌ፣ ከምንጣፌም (በምን መንገድ እንደሆነ አይጠይቁኝ) ወደ አልጋዬ ተዛውሯል።

ዋናው አቤቱታዬ ግን የሥልጣን ጉዳይ ነው። የአገሪቱ የሚቲዎሮሎጂ ተቋም «ክረምት ገባ» የሚለው፣ የቀኑ አማካይ ሙቀት ለ5 ተከታታይ ቀናት ዜሮ ዲግሪ ወይም ከዚያ በታች ሲሆን ነው። እርስዎ ዜሮን እንደ ደጃፍ ቆጥረው ወጣ ገባ ባሉ ቁጥር ቆጠራው እንደገና ከአንድ ይጀምራል። እ.ኤ.አ. ከ2019 ወደ 2020 በተሻገረው ክረምት ጊዜ፣ በዚሁ መለኪያ መሠረት፣ በደቡብ ስዊድን ሰፊ ክፍል ክረምት የሚባል ነገር ጨርሶ ሳይገባ ቀረ። ስቶክሆልም ሙቀቷን እ.ኤ.አ. ከ1756 ጀምራ የምትመዘግብ ከተማ ስለሆነች፣ መሞቋን መካድ አይቻልም። ከባቢ አየሩን በጭስ ያሞቅነው እኛ ነን፤ የውክልና ደብዳቤዎን ማን እንደፈረመ አልጠፋኝም። ቢሆንም ውክልና እንጂ ርስት አልሰጠንዎትም።

እውነተኛው በረዶ ቢያንስ ግልጽ ባላጋራ ነው። እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 9 ቀን 2016 በዚህች ከተማ 39 ሴንቲ ሜትር ተከምሮ አውቶቡሶችን ሲያቆም፣ ማን እንዳስቀረን ለአለቃ መናገር አያሳፍርም ነበር። «ረግረግ ነገር ይዞኝ» ተብሎስ ለማን ይነገራል? ደግሞም በታኅሣሥ የቀን ብርሃን 6 ሰዓት ያህል ብቻ በሚቆይበት ከተማ፣ ነጭ በረዶ የመንገድ መብራቱን አብዝቶ ይመልሳል፤ እርስዎ ግን ያችኑ ትንሽ ብርሃን ጠጥተው ዝም ይላሉ።

ስለዚህ እስከሚቀጥለው ሰኞ ድረስ ወይ እንዲጠጥሩ፣ ወይ በደንብ ወደ ቦዩ እንዲፈሱ በትሕትና አሳስባለሁ።

ከሰላምታ ጋር
ካልሲው ያልደረቀለት ነዋሪ

ግልባጭ፦
ለቀኝ ጫማዬ
ለግራ ጫማዬ (ተራው እስኪደርስ እንዲያውቀው)