«ግሪኩ ሲፈታ» የሚሉን ሰዎች

ሰሞኑን አንድ የስብከት ቪዲዮ በቴሌግራም ሲዘዋወር ነበር። ሰባኪው ዮሐንስ 21ን ገልጦ «አማርኛው ደብቆባችኋል» ይላል። ግሪክኛው «መውደድ»ን በሁለት ግሶች ይጽፋል፦ ኢየሱስ ጴጥሮስን «ትወደኛለህን» ብሎ ሁለት ጊዜ በ«አጋፓኦ» ጠየቀው፣ ጴጥሮስ በ«ፊሌኦ» መለሰ፣ በሦስተኛው ጌታም ፊሌኦ አለ። እስከዚህ ልክ ነው። ቀጥሎ ግን «አጋፓኦ የእግዚአብሔር ፍቅር ብቻ ነው፣ ፊሌኦ ተራ የጓደኛ ፍቅር ነው» አለና ጉባኤው በአሜን ተናጋ።

ብቻ? እስቲ 2ኛ ሳሙኤል 13ን በሰባ ሊቃናት ትርጉም፣ ማለትም በጥንታዊው የብሉይ ኪዳን የግሪክኛ ትርጉም፣ ይክፈትልን። የዳዊት ልጅ አምኖን እኅቱን ትዕማርን ወደዳት የሚለው ግስ አጋፓኦ ነው። ታምሜአለሁ ብሎ የተኛው፣ እንጎቻ ጋግራ እንድታበላው ያስጠራት፣ ሰዎቹን ሁሉ ከቤት አስወጥቶ የደፈራት ያው አምኖን! ቁጥር 15 ጥላቻው ከፍቅሩ በለጠ ሲል ደግሞ ስሙም ግሱም ጎን ለጎን ተቀምጠዋል፤ አጋፔም አጋፓኦም። መለኮታዊው ፍቅር ይሄ ነው? «እሱ ብሉይ ነው» የሚለኝ አይጠፋም። እሺ፣ ዴማስ ጳውሎስን ትቶ ተሰሎንቄ ሲሄድ ይህን ዓለም የወደደው በምንድን ነው? በአጋፓኦ። ሰዎች ከብርሃን ይልቅ ጨለማን የወደዱትስ? አሁንም በአጋፓኦ።

አብ ወልድን እንደሚወድ ዮሐንስ 3፥35 በአጋፓኦ፣ 5፥20 በፊሌኦ ይናገራል። በሁለት ምዕራፍ ውስጥ የአብ ፍቅር ቀዘቀዘ ልንል ነው?

ግሶቹ የትም ቦታ ይተካካሉ አልልም። ይሁዳ «የምስመው እርሱ ነው» ሲል ቃሉ ፊሌኦ ነው፤ እዚያ አጋፓኦ አይገባም። ዮሐንስ ግን ቃል መቀያየር ልማዱ ነው። እዚያው ንግግር ውስጥ ግልገሎቼን፣ በጎቼን፣ አሰማራ፣ ጠብቅ ይላል። በዚያ ልዩነት ጉባኤ ሲንቀጠቀጥ አላየሁም።

ጴጥሮስ ያዘነው ግሱ ስለ ወረደ ሳይሆን ሦስተኛ ጊዜ ስለ ተጠየቀ ነው። ወንጌሉ ራሱ ጽፎታል። ሦስቴ የካደ ሰው ሦስቴ ሲጠየቅ ለምን እንደሚከፋው ለማወቅ ግሪክኛ መማር አያሻም። ደግሞ ሰውዬው «አዎን» ብሎ ነው እኮ የመለሰው! ሦስቱንም «ትወደኛለህን» ብለው የተረጎሙ አባቶች ምንም አልደበቁም።

ፈሪሳውያን በምኩራብ የከበሬታ ወንበር ይወዱ እንደነበር ማቴዎስ በፊሌኦ፣ ሉቃስ በአጋፓኦ ጽፈዋል። ወንበሩ ያው ነው። ሰባኪያችን መድረክ ላይ ያለችውን ወንበር በየትኛው እንደሚወዳት ይንገረን።