ለሲኒማ ቤት ታለቅሳላችሁ፣ ትኬቱን ማን ይቁረጥ?

የፒያሳና የመርካቶ ልጆች፣ የካዛንቺስና የአራት ኪሎ ልጆች፣ ዛሬ ከእናንተ ጋር ጠብ አለኝ። ስለምወዳችሁ ሳላለሳልስ ልናገር።

በየጊዜው አንድ ያረጀ ጥቁርና ነጭ ፎቶ ፌስቡክ ላይ ይለጠፋል። አንዴ ሲኒማ ኢትዮጵያ ነው፣ አንዴ ሲኒማ ኢምፓየር፣ አንዴ አምባሳደር። ከሥሩ ልቅሶ ይቀጥላል። «ወይኔ ልጅነቴ!» «አይ ፒያሳ!» «ያ ዘመን ላይመለስ ሄደ!» ለቀብር እንኳ እንዲህ አይለቀስም። እስቲ ልጠይቃችሁ። ከዚያ ሁሉ አልቃሽ መካከል ባለፈው ዓመት ሲኒማ ቤት ሄዶ ትኬት የቆረጠ ማን ነው? ፎቶውን የለጠፈው ራሱ ቆርጧል?

መናፈቃችሁን አልጠላም። የሚናፈቅ ነገር ነበረን። መርካቶ ሲኒማ ራስና አዲስ ከተማ የህንድ ፊልም ሲመጣ ሰፈሩ ሁሉ ያውቅ ነበር። ለመግቢያ የምትሆን ሽልንግ ለማግኘት ያልተላክንበት ሱቅ የለም። ባዶ ጠርሙስና የተጣለ ቆርቆሮ ለቆራሌው ሸጠናል። ከቤት የተሸጠም ዕቃ አለ፣ እሱን እንተወው። ሰልፉ ላይ ጉልበተኛው ይገፈትራል፣ ዘበኛው ቀበቶውን ፈትቶ ይጠብቃል። ገብተን መብራቱ ሲጠፋ ፉጨቱ ጣሪያውን ያነሳዋል። ፊልሙ መሀል ላይ ከተበጠሰማ «ሌባ! ሌባ!» ነው። እላይ ማሽኑ ጋ ያለው ምስኪን ሰውዬ ስንት ቀን ያለ ጥፋቱ ሌባ ተባለ!

አንድ የማይሻር ሕግ ነበረን፤ አክተር አይሞትም። ከሞተ ገንዘባችን ተበላ ማለት ነው። ከአዳራሹ ስንወጣ ሁሉም ብሩስ ሊ ነው። እስከ ቤት ድረስ እየተራገጥን እንሄዳለን። ቃሉን የማናውቀውን የህንድ ዘፈን ከዳር እስከ ዳር እንዘፍነዋለን፤ አንዱ ሲሳሳት ሌላው ያርመው ነበር፣ በየትኛው ህንድኛችን እንደሆነ እግዜር ይወቀው።

ከሁሉ የሚገርመኝ ግን ፊልም ነጋሪው ልጅ ነው። በየሰፈሩ አንድ አይጠፋም። ሽልንጉን ያላገኘው ሁሉ ማታ የመንገድ መብራት ሥር ይከበዋል። እሱ ተነስቶ ይተርካል፣ ይወድቃል፣ ይተኩሳል፣ የፈረሱን ኮቴ በአፉ ይሠራል። ካየው ላይ የራሱን ይጨምርበታል። በኋላ ፊልሙን ያየ ልጅ «እንዲህ አላየሁም» ካለ ውሸታም የሚባለው ያየው ነው። ሲኒማ ቤቱ በር ላይ አያበቃም ነበር ለማለት ነው። አንድ ትኬት አሥር ልጅ ያይበት ነበር።

ይህን ሁሉ አውቃለሁ። ግን ስትናፍቁ አትዋሹ። ቁንጫውን ለምን ትረሱታላችሁ? የሲጋራውን ጭስ፣ የኪስ አውላቂውን፣ የሽንት ቤቱን ሽታ? ከዚህ ሁሉ የከፋም አለ። እኅቶቻችን የት ነበሩ? ሲኒማ የዱርዬ ቦታ ነው ተብሎ እነሱ ቤት ቀሩ። ሾልካ የገባች ልጅ ወሬዋ ከእሷ ቀድሞ ቤት ይደርሳል፣ ዱላውም ይጠብቃታል። እና «ያ ወርቃማ ጊዜ» ስትሉ ለማን ወርቅ እንደነበረ አስታውሱ። ጠይቋቸው፤ ብዙዎቹ ፊልሙን የሚያውቁት ከፊልም ነጋሪው አፍ ነው።

ወደ ጥሉ ልመለስ። ሲኒማ ቤቶቹን ማን አጠፋቸው ስትባሉ ጣታችሁ ሩቅ ይጠቁማል። መንግሥት፣ ባለሀብት፣ ግሬደር፣ ስልክ። በ2016 ፒያሳ ላይ ዶሮ ማነቂያና አካባቢው ሲፈርስ ያደግንበት ሰፈር እንደሄደ አይቻለሁ። የሰው ቤት፣ የሰው ዕድር፣ የሰው ጎረቤት ነው የተበተነው። ይህን ሐዘን አልነካባችሁም። ነገር ግን ወንበሮቹ ግሬደር ፒያሳ ከመድረሱ ከብዙ ዓመት በፊት ባዶ ነበሩ። ወንበር ግሬደር አያስለቅቀውም፣ ባለቤቱ ነው ጥሎት የሚሄደው።

ትዝ ይበላችሁ እንጂ። በ1990ዎቹ በቪዲዮ የተሠሩ የአማርኛ ፊልሞች ብቅ ሲሉ ሲኒማ ቤቶቻችን ነፍስ ዘርተው ነበር። አምባሳደር በር ላይ ሰልፉ ሕንጻውን ይዞር ነበር። በዚያን ጊዜ ያደረጋችሁት ምንድን ነው? ሲዲ አዟሪውን ጠርታችሁ ኮፒውን ገዛችሁ። የቅጂ መብት አዋጁ፣ ቁጥር 410፣ በ1996 ወጥቷል። አዋጁ እያለ አዟሪው በአደባባይ ይዞራል፣ እናንተም በአደባባይ ትከራከራላችሁ፣ ያውም ቀንስ እያላችሁ! ዛሬ ደግሞ ፊልሙ ከአዳራሽ ገና ሳይወርድ «ቴሌግራም ላይ ሊንኩ አለህ?» ነው ጥያቄው። አርቲስቷ ታማ የእርዳታ ጥሪ ሲወጣላት ግን «ባለሙያ የማታከብር አገር» ብላችሁ ለመጻፍ ማንም አይቀድማችሁም።

ዋሽንግተንና ዱባይ ያላችሁትም አታመልጡም። ለዕረፍት ስትመጡ ሲኒማ ኢትዮጵያ በር ላይ ሰልፊ ትነሳላችሁ። ውስጥ ምን ፊልም እንዳለ ሳታዩ ወደ ክትፎ ቤት ትሄዳላችሁ። ክትፎው አይቅርባችሁ። ከእሱ በፊት ግን የሁለት ሰዓት ጊዜ ነበር።

ቴዎድሮስ አደባባይ አጠገብ የነበረውን የመጀመሪያውን ሲኒማ ቤት ሕዝቡ ሰይጣን ቤት ይለው እንደነበር ታውቃላችሁ። ጥላ ሲንቀሳቀስ አይቶ የፈራ ሰው ነው ያን ስም ያወጣው። ጣሊያን ሲኒማ ሊያደርገው የጀመረው ሕንጻ በ1948 ተጠናቆ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር ሆነ፤ የዛሬው ብሔራዊ ነው። እነዚያ አባቶች እየፈሩም፣ እያማተቡም ከፍለው ገቡ። እናንተ ግን ባትፈሩም አትገቡም።

የምትገቡትም ጥቂቶች ብትሆኑ ጨዋ አይደላችሁም። ስልካችሁን ፊት ላይ አብርታችሁ ትቀመጣላችሁ። «ሄሎ፣ ፊልም ላይ ነኝ፣ ንገረኝ» እያላችሁ ታወራላችሁ። ፉጨታችን ሌላ ነበር። እሱ ከፊልሙ ጋር ነበር።

ሌላም አለ። ያ ሌባ ስንለው የኖርነው ማሽን አንቀሳቃሽ፣ ትኬት ቆራጩ፣ ፖስተር ሰቃዩ፣ በር ላይ ሱፍና ኦቾሎኒ የምትሸጠው እናት፣ አንዳንዶቹ ዛሬም በሕይወት አሉ። ፎቶ ከመለጠፍ ይልቅ ስልካችሁን ይዛችሁ ሂዱና ድምፃቸውን ቅዱ። አባታችሁ ሳጥን ውስጥ የቆየ ፖስተር ወይም ፕሮግራም ካለ ወመዘክርን፣ ብሔራዊ ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍቱን፣ ጠይቁ፣ እንዲያስቀምጡላችሁ። የቆሎ መጠቅለያ እንዳታደርጉት!

ስለ ልጆቻችሁም አንድ ነገር ልበል። ፊልም በሽ ነው፣ በየኪሳቸው አለ። እነሱ የማያውቁት ከማያውቁት ሰው ጋር አብሮ መሳቅን ነው። ከጎን ያለው ሲደነግጥ አብሮ መደንገጥን። በጆሮ ማዳመጫ ይህ አይገኝም፣ እናንተም በወሬ አትሰጧቸውም።

ስለዚህ ቅዳሜ ትኬት ቁረጡ። ወንዱን ብቻ ሳይሆን ሴቷንም ልጃችሁን ይዛችሁ ሂዱ፤ ከተቻለም ያኔ የቀረችውን እኅታችሁን። ሙሉ ዋጋ ክፈሉ፣ ስልካችሁን ዝጉ። ፊልሙ ካልጣማችሁ በሩ ላይ ቆማችሁ ተቆጡ፤ ከፍላችኋልና ማንም ዝም በሉ አይላችሁም።