የፊቱን ክሬም ለቅልጥም

እናቴ 87 ዓመቷ ነው። ባለፈው ሚያዝያ አንድ ሌሊት ከአልጋዋ ስትወርድ ቅልጥሟ የአልጋውን ጠርዝ ነካ። ገጨው ማለት ይከብደኛል፤ ነካው ብቻ። እሷም አልጮኸችም። መብራት አብርቼ ሳይ ግን ቆዳዋ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ተልጦ ወደ አንድ ወገን ተጠቅልሏል፤ ከሥሩ ቀይ ሥጋ ይታያል። ያ ቁስል እስኪደርቅ ሁለት ወር ከሳምንት ፈጀብን።

ፋሻ ፍለጋ ወደ ኮመዲኖው ስሄድ ዐይኔ ከላዩ በተደረደሩት ብልቃጦች ላይ አረፈ። ሜሪላንድ ያለችው ልጄ ወደ አገር ቤት በሚመጣ ሰው ሁሉ ሻንጣ ውስጥ የምትልካቸው ናቸው፤ ሦስቱ ለእኔ፣ ሁለቱ ለአያቷ። የቀን ክሬም፣ የሌሊት ክሬም፣ የዐይን ሥር ክሬም፣ ሴረም። ሁሉም እርጅናን ይከላከላሉ ተብለው የተሸጡ፣ ሁሉም ለፊት። የአንዷ ዋጋ በብር ሲመታ ከሁለት ወር የጡረታ አበሌ ይበልጣል። ለዚያ ለተላጠው ቅልጥም ግን በቤቱ ውስጥ አንዲት ጠብታ ቅባት አልነበረም፤ ያውም 31 ዓመት መድኃኒት ቤት በሠራች ሴት ቤት።

በእነዚያ ዓመታት ከባንኮኒው ማዶ ቆመው «ለእርጅና የሚሆን ክሬም እውነት ይሠራል?» ያሉኝን ሰዎች ቆጥሬ አልዘልቃቸውም። ሴቶቹ በቀጥታ ይጠይቃሉ። ወንዶቹ «ለባለቤቴ ነው» ይሉና ወደ መስታወቱ ሰረቅ አድርገው ያያሉ። መልክን መውደድ ነውር አይደለም፤ እናቴ ዛሬም ዓመት በዓል ሲደርስ እንሶስላ ትሞቃለች። የማያስማማን ሌላ ነገር ነው። እኩዮቼ «ከስልሳ ዓመት በኋላ ለማን ብዬ?» ብለው ቅባት የተባለውን ሁሉ ጠቅልለው ለወጣቶች ይተዉታል። ሻጩ ደግሞ «ረፈደ ብሎ ነገር የለም» ይላል። ሁለቱም ቆዳ ሲባል የሚታያቸው ፊት ብቻ ነው።

ሻጩን ከመውቀሴ በፊት ግን እውነቱን ልመስክርለት። ከቫይታሚን ኤ ወገን የሆነ ትሬቲኖይን የሚባል መድኃኒት አለ። የፔንሲልቬኒያ ዩኒቨርሲቲው የቆዳ ሐኪም አልበርት ክሊግማን በ1960ዎቹ መጨረሻ (እዚህ የምጠራቸው ዓመቶች ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ለብጉር ያዝዘው የነበረ ነው። ሰውዬው በፊላዴልፊያው የሆልምስበርግ እስር ቤት እስረኞችን፣ አብዛኞቹ ጥቁሮችን፣ የቆዳ ምርምር መሞከሪያ በማድረጉ ስሙ የጎደፈ ነው፤ መድኃኒቱን ባነሣሁ ቁጥር ይህን ሳልናገር ማለፍ አልወድም። መድኃኒቱ ግን ሠራ። ለብጉራቸው ከሚቀቡት መካከል ዕድሜያቸው ገፋ ያሉት ፊታቸው ለስለስ ማለቱን አስተዋሉ። በ1988 የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ሐኪሞች ምንም ከሌለበት ክሬም ጋር አወዳድረው ደቃቅ ሽብሽቦችን እንደሚያቀል አሳዩ፤ በ1995 የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር ለዚሁ ጉዳይ ፈቀደው። ያለ ሐኪም ትእዛዝ የሚሸጠው ሬቲኖል የዚህ መድኃኒት ለዘብ ያለ ዘመድ ነው።

እኔን ዝም ያሰኘኝ ግን በ2007 የታተመው የእነዚሁ የሚሺጋን ሰዎች ጥናት ነው። የተሳታፊዎቹ አማካይ ዕድሜ 87 ነበር፤ ልክ እንደ እናቴ። በሁለት የአረጋውያን መኖሪያዎች የሚኖሩ 36 ሰዎች በአንዱ ክንዳቸው 0.4 በመቶ ሬቲኖል ያለበት ሎሽን፣ በሌላው ሬቲኖል የሌለበት ሎሽን፣ በሳምንት እስከ ሦስት ቀን ለ24 ሳምንት ተቀቡ። እስከ መጨረሻው የዘለቁት 23 ናቸው። ሬቲኖል የተቀባው ክንድ ደቃቅ ሽብሽቡ ቀነሰ፤ ቆዳው ውስጥ ውኃ የሚይዘው ንጥረ ነገር ጨመረ። እንግዲህ በ87 ዓመትም ቆዳ ለመድኃኒት ይታዘዛል። «ለማን ብዬ» ባዮቹ ይህን ሲሰሙ ቅር እንደሚላቸው አውቃለሁ፤ እኔንም ብሎኛል።

ቅር ያለኝ ስለ ሞከርኩት ነው። ልጄ ከላከችው ሬቲኖል ስድስት ወር ሙሉ በሳምንት ሁለት ሌሊት ተቀባሁ። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት አገጬ ተላጠ፣ ጉንጬ አቃጠለኝ፤ አንድ እሑድ ጎረቤቴ «ምነው እትዬ፣ ምች መታሽ እንዴ?» አለችኝ። ከዚያ ረጋ። በስድስተኛው ወር በግንባሬ ላይ ያሉት ደቃቅ መስመሮች ጥቂት ለስልሰዋል። ጥልቆቹ ግን አሉ፤ የወረደው ጉንጭም አልተሰበሰበም፤ ለውጡን ያየሁት ደግሞ እኔ ብቻ ነኝ፣ እሱም በመነጽር። ደስ ብሎኛል? አዎ፣ ትንሽ። ለዚያች ደስታ የሚከፍል ሰው ይክፈል። በርካሹ ብልቃጥና በውዱ ብልቃጥ መካከል ያለው የዋጋ ልዩነት ግን የማሸጊያው፣ የሽቶውና የማስታወቂያው ነው ብል አልተሳሳትኩም።

ከሬቲኖል ወዲያ ያለው አብዛኛው ተረት ነው። ኮላጅንን እንውሰድ። ቆዳችንን አጥብቆ የያዘው ገመድ ኮላጅን ነው፤ ሴት የወር አበባዋ በቆመ በመጀመሪያዎቹ አምስት ዓመታት ከቆዳዋ ኮላጅን 30 በመቶ ያህሉን ታጣለች። እና በክሬም ብንተካውስ? አይገባም። በደህና ቆዳ ውስጥ ሰርጎ ለማለፍ አንድ ሞለኪውል ክብደቱ ከ500 ዳልተን (የሞለኪውል ክብደት መለኪያ ነው) ብዙም ባይበልጥ ነው የሚመረጠው፤ ኮላጅን ደግሞ ወደ 300,000 ይደርሳል። የዱቄት ወንፊት ባቄላ እንደማያሳልፍ ማለት ነው። ከላይ ተቀምጦ ወዝ ይሰጣል፤ እሱን ቫዝሊንም ይሰጣል። በ2014 የአሜሪካ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ሎሬያል የተባለውን ግዙፍ ኩባንያ «ክሬማችን የቆዳን ጂን ያነቃቃል» የሚለውን ያልተረጋገጠ ማስታወቂያውን እንዲያቆም አድርጎታል። ጂን! ሰው ክሬም ሲሸጥ አያፍርም።

እዚህ ላይ ዝም ማለት የማልችለው ሌላ ነገር አለ። በእኛ ገበያ «ለእርጅና» ተብሎ የሚሸጠው ሁሉ ከእርጅና ጋር የሚገናኝ አይደለም። ማድያት ያጠፋል፣ ያቀላል፣ ፊት ያጠራል ተብሎ በየሱቁ የሚሰጠው ክሬም ውስጥ ክሎቤታሶልን የመሰሉ ኃይለኛ ስቴሮይዶች፣ ሲብስም ሜርኩሪ ይገኛል። ስቴሮይድ በሁለት ሳምንት ፊትን ያበራል፤ ሰንበት ሲል ደግሞ ቆዳን ያሳሳል። ቀድሞውኑ በሳሳ የስልሳና የሰባ ዓመት ቆዳ ላይ መቀባት በተቀደደ ነጠላ ላይ መቀስ ማሳረፍ ነው። ስለ ሜርኩሪ የተደረገው ዓለም አቀፍ የሚናማታ ስምምነት አባል አገሮች ሜርኩሪ ያለበት መዋቢያ ከ2025 በኋላ እንዳይመረት፣ እንዳይገባና እንዳይወጣ በ2023 ወስነዋል። ውሳኔው ሱቆቻችን መደርደሪያ እስኪደርስ ግን ማሸጊያው ላይ የይዘቱ ዝርዝር ያልተጻፈበትን ክሬም አለመግዛት ይሻላል። በዚህ ረገድ እኛ መድኃኒት ቤቶችም ንጹሕ አይደለንም፤ ያለ ሐኪም ወረቀት ስንት ቲዩብ እንደሸጥን እናውቃለን።

ፀሐይን በተመለከተ አጭር ነገር ልበል። በአውስትራሊያ ናምቡር ከተማ ዕድሜያቸው ከ55 በታች የሆኑ 903 ሰዎች ላይ በተደረገ ጥናት፣ የፀሐይ መከላከያ ክሬም በየቀኑ የተቀቡት ከአራት ዓመት ተኩል በኋላ በቆዳቸው ላይ የታየው እርጅና እንደፈቀዳቸው ከሚቀቡት በ24 በመቶ ያነሰ ነበር። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ በየ1,000 ሜትሩ የሚያቃጥለው ጨረር በ10 በመቶ ያህል ይጨምራል። ጥቁር ቆዳችን ብዙውን ይመክትልናል፣ ሁሉንም ግን አይደለም። አብዛኛው የፀሐይ ክሬም ደግሞ በእኛ መልክ ላይ አመድ የነሰነሱበት ያስመስላል፤ ስለዚህ ለአረጋዊ ሰው ጃንጥላና ነጠላ ይበቃሉ ባይ ነኝ። እናቴ ነጠላዋን ግንባሯ ድረስ ሳብ አድርጋ ስትራመድ ሃምሳ ዓመት ሆኗታል፤ ፊቷም ከእኔ ፊት ብዙ አያንስም።

ወደ ቅልጥሙ ልመለስ።

ወጣት ሳለን የላይኛውና የታችኛው የቆዳ ንብርብር እንደ ተቆላለፉ የሁለት እጅ ጣቶች ተያይዘው ነው ያሉት። ዕድሜ ሲገፋ ያ መቆላለፍ እየጠፋ ሁለቱ ጠፍጣፋ ለጠፍጣፋ ተደራርበው ይቀራሉ። ሲታከክ፣ ሲጎተት፣ ፕላስተር ሲነሣለት የላይኛው ብቻውን ይወልቃል። ወዙም ያልቃል፤ ደረቅ ቆዳ ሌሊት ያሳክካል፤ ማከኩ ያቆስላል፤ ቁስሉ በስኳር ሕመምተኛ እግር ላይ ከሆነ መጨረሻው ላያምር ይችላል። የሰባና የሰማንያ ዓመት ሰው ከቆዳው ጋር ያለበት ጣጣ ይኸ ነው፤ በዐይን ጠርዝ ያለ መስመር አይደለም።

መድኃኒቱ ደግሞ በሚያሳፍር ሁኔታ ርካሽ ነው። በምዕራብ አውስትራሊያ በ14 የአረጋውያን መኖሪያዎች፣ 980 አልጋ ባላቸው፣ የተደረገና በ2014 የታተመ ጥናት አለ። በግማሾቹ ውስጥ ሽታ የሌለው ተራ ማለስለሻ በቀን ሁለት ጊዜ የአረጋውያኑን ክንድና ቅልጥም ተቀባ። የእናቴን የመሰለው የቆዳ መላጥ በእነዚህ ቤቶች ከሌሎቹ ወደ ግማሽ ገደማ አነሰ። በዚህ ዕድሜ ከሚቀባ ነገር ይህን ያህል ጥቅም የሰጠ ሌላ አላውቅም። ማሸጊያው ላይ «እርጅናን ይከላከላል» የሚል አልተጻፈበትም።

ሩቅ አገርም አያስፈልገንም። በምሥራቅ ጎጃም ቀይ አፈር ላይ በባዶ እግር መሄድ በሚያመጣው ዝሆኔ በተያዙ ወደ 700 በሚጠጉ ሰዎች ላይ የተደረገ፣ ውጤቱም በ2018 የታተመ ጥናት ነበር። እግራቸውን እያጠቡ፣ ቅባት እየቀቡ፣ በፋሻ እያሰሩና ካልሲና ጫማ እያደረጉ የቆዩት፣ ያን አልጋ ላይ የሚጥል የትኩሳትና የእብጠት ግርሻ ይህ ካልተደረገላቸው ባነሰ ቁጥር አገኛቸው። ውኃ፣ ሳሙና፣ ቅባት። ለተሰነጠቀ ቆዳ ቅባት በር መዝጊያ ነው።

በቤታችን አሁን ሥርዓት አለ። የልብስ ሳሙና ገላ አይነካም፤ ቆዳን ወዙን አሟጦ አመዳም የሚያደርገው አንዱ እሱ ነው። ማታ ማታ በለብታ ውኃ እግሯን አጥባታለሁ፤ በፎጣ ሳልፈትግ ጠብ ጠብ አድርጌ አደርቅና እርጥበቱ ሳይጠፋ ከጉልበቷ እስከ ተረከዟ፣ ከክርኗ እስከ ጣቶቿ እቀባታለሁ። በጣቶቿ መካከል አልቀባም፤ እርጥበት ከተኛበት ይፈነግሳል። ስቀባ ውስጥ እግሯን አገላብጬ አያለሁ። በጥቁር ሰው ላይ ክፉው የቆዳ ካንሰር አዘውትሮ የሚደበቀው እዚያና ከጥፍር ሥር ነው። በ2005 ልደቱን በመስቀል አደባባይ ያከበርንለት ቦብ ማርሊ በ36 ዓመቱ የሞተው ከእግሩ ጣት ጥፍር ሥር በጀመረ እንዲህ ያለ ካንሰር ነው። እዚያ አካባቢ አዲስ ጥቁር ነጥብ ወይም መጠኑን የሚቀይር መስመር ያየ ሰው ክሬም አይፈልግ፤ የቆዳ ሐኪም ይፈልግ። በአዲስ አበባ አለርት ሆስፒታል ለዚህ የታወቀ ነው።

ኮመዲኖው ላይ የነበሩት ብልቃጦች ጉዳይ ይቀራል። ሬቲኖሉን ለራሴ አስቀርቻለሁ፤ ለእናቴ ቆዳ ኃይለኛ ነው። የዐይን ሥር ክሬሙን ለጎረቤቴ ሰጠኋት። ሁለቱ ውድ የሌሊት ክሬሞች ግን ዝርዝራቸውን በመነጽር ሳነብ ግሊሰሪን፣ ፔትሮሌተም (ያው ቫዝሊን)፣ የሺያ ቅቤ፤ እንግዲህ ማለስለሻ ናቸው። ሽቶ የለባቸውም። ቫዝሊን እስክገዛ ድረስ ብዬ የአንዱን ክዳን ከፈትኩና ለእናቴ ቅልጥም አዋልኩት። ሁለተኛውም ተከተለ። እናቴ ሽታ የሌለው ቅባት ምን ዓይነት ቅባት ነው እያለች ታማዋለች፤ እግሯን ግን ሳልጠራት ትዘረጋለች።

ባለፈው ቅዳሜ ልጄ ደወለች። «እማዬ፣ የሌሊቱን ክሬም ጨረሳችሁት?»

«ጨረስነው» አልኳት።

«እሰይ! ለውጥ አያችሁ?»

«በጣም» አልኳት። የት እንደ ሆነ አልጠየቀችኝም፤ እኔም አልነገርኳት። ሌላ ሁለት ልትልክ ነው።