አይከኑ ጠፋ ማለት ፕሮግራሙ ጠፋ ማለት አይደለም

ወንድሜ፣ ምክርህ ከቅን ልብ እንደመጣ ይገባኛል፤ ግን አንዷን ነገር ላርም። «ኮምፒውተራችሁ በቫይረስ ተሞልቷል፣ ክፈሉ» እያለ የሚጨቀጭቀው የውሸት አንቲቫይረስ፣ ዴስክቶፕ ላይ ያለውን አይከኑን ዲሊት ስታደርጉት ይጠፋል ብለሃል። አይጠፋም። አይከኑ አቋራጭ ብቻ ነው። ፕሮግራሙ ራሱ ሌላ ፎልደር ውስጥ ተደላድሎ ተቀምጧል፣ ብዙ ጊዜም ዊንዶውስ በተነሳ ቁጥር አብሮ ይነሳል።

ማረጋገጥ ከፈለጋችሁ አይከኑን ከማጥፋታችሁ በፊት ራይት ክሊክ አድርጉና ፕሮፐርቲስ ግቡ፤ «ታርጌት» የሚለው ቦታ ላይ ዋናው ፋይል የት እንዳለ ተጽፏል። ወይም ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕን አንድ ላይ ተጭናችሁ ታስክ ማናጀር ውስጥ «ስታርትአፕ» የሚለውን እዩ፤ ዊንዶውስ ሲነሳ አብረው የሚነሱት ፕሮግራሞች እዚያ ተዘርዝረዋል።

ጣጣው ምን መሰላችሁ፣ አይከኑ ሲጠፋ ተገላገልን ብለን በዚያው ኮምፒውተር የባንክ ፓስዎርድ እንጽፋለን። ይልቅ ከሴቲንግስ ገብታችሁ አንኢንስቶል አድርጉት። እምቢ ካለ ዊንዶውስ 10 እና 11 ላይ የማይክሮሶፍት ዲፌንደር (ከዊንዶውስ ጋር አብሮ የሚመጣው አንቲቫይረስ) ኦፍላይን ስካን አለላችሁ፤ ኮምፒውተሩን ሪስታርት አድርጎ ዊንዶውስ ሳይነሳ ይፈትሻል፣ 15 ደቂቃ ገደማ ቢፈጅ ነው (ቡናው እስኪፈላ በሉት)። ደግሞ በነጻ ነው፣ ካርድ ቁጥር የሚጠይቃችሁ የለም።