ና! ና! ና! … ቁም!

ጅማ ውስጥ መኪናውን የኋሊት የሚያቆም ሰው ብቻውን አይቀርም። ይህን ውለታ እስካሁን ያመሰገነ የለምና እኔ ላመስግን።

ፈረንጅ አራዳም ሆነ ሂርማታ፣ የኋላ ማርሽ ገብታ ነጩ መብራት ቦግ ካለ አለቀ። አሰልጣኝ ከየበረንዳው ይነሳል። ሊስትሮው ብሩሹን ይጥላል። ባለባጃጁ ተሳፋሪውን ትቶ ይወርዳል። ቡና የሚጠጡት ስኒያቸውን እንደያዙ ይመጣሉ። ጅማ አባ ጅፋር በ2010 ዓ.ም. የፕሪሚየር ሊጉን ዋንጫ ያነሳው በአንድ ዋና አሰልጣኝ ነው። ለአንዲት ቪትዝ ግን ስድስትም ያንሳል።

ቅንጅታቸውስ ቢባል! አንዱ ከኋላ «ቁረጥ! ሙሉ ቁረጥ!» ይላል። ከፊት ያለው «መልስ! መልስ!» ይላል። ሌላው «ኮቱ! ኮቱ!» እያለ በመዳፉ ይጠራል። ፊቱን ወደ ሾፌሩ አዙሮ የቆመው ደግሞ «በቀኝ!» ይላል። የማን ቀኝ ብሎ መጠየቅ ነውር ነው።

ሾፌሩም ጨዋ ነው፣ ማንንም አያስቀይምም። መሪውን ወደዚህም ወደዚያም ይጠመዝዛል። መኪናዋ ግን ንቅንቅ አላለችም። ቆማ መሪ ሲዞር የፊት ጎማዋ አስፋልቱ ላይ ይፋቃል። ምን ችግር አለው፣ ጎማ ሻጭም ቤተሰብ አለው።

አሰልጣኝ የሌለው ምስኪን ቢሆን ምን ያደርጋል? ኋላዋ ወደ ቀኝ እንዲገባ መሪውን ወደ ቀኝ ያዞራል፤ መኪናዋ መስመር ስትይዝ ይፈታል። ከጠመመች ወደፊት ወጣ ብሎ አቅንቶ ይመለሳል። ሁለት ጊዜም ቢመላለስ የሚያየው የለም። እዚህ ግን ወደፊት መውጣት ውርደት ነው። «ገብታለች እኮ! ትንሽ ነው የቀራት!» ይሉታል በአንድ ድምፅ። የተስማሙባት ብቸኛ ነገር ይቺ ናት።

ኋላዋ ወደ ቀኝ ሲገባ አፍንጫዋ ወደ ግራ ይወጣል። ስድስቱም ኋላዋን ስለሚጠብቁ አፍንጫዋን የሚያይ ሰው አልተረፈም። በግራ በኩል ባጃጅ ቆማለች። ያውም የራሱ የአሰልጣኙ!

«ቁም!» ደግሞ ትልቅ ቃል ስለሆነ በዋዛ አይወጣም። መጀመሪያ ጓ! ይላል። ከዚያ ነው ስድስቱም «ቁም!» የሚሉት። ወዲያው ፍርድ ይሰጣል፤ «እኔ መልስ ብዬው ነበር፣ አይሰማም!» ሾፌሩ ወርዶ የባጃጇን የታጠፈ ስፖኪዮ ሲያቃና፣ አንዱ ትከሻውን መታ አድርጎ የሻይ ይጠይቀዋል። መብቱ ነው፤ ደክሟል።

አሁን አሁን የኋላ ካሜራ ያላቸው መኪኖች መጥተው ይህን ባህል ሊያጠፉብን ነው ብዬ ሰግቼ ነበር። በቀደም አንዷ መርካቶ ጋ ጲጵ ጲጵ እያለች ልትገባ ስትል አንድ ጎልማሳ ሮጦ ደረሰ። መስኮቱን አንኳኳና ሾፌሩን ተቆጣው፤

«ቴሌቪዥኑን ተወውና እኔን እይ!»