ከሰው ድርሰት ላይ እጃችሁን አንሱ

የደሴ ሰዎች፣ የኮምቦልቻ ሰዎች፣ ይህ ተግሳጽ ለአዘጋጅ ብቻ የተጻፈ አይደለም። ለተዋናዩም፣ አዳራሽ ለሚያከራየውም፣ ትኬት ቆርጦ ገብቶ ለሚያጨበጭበውም ነው። በአንዲት የኮምቦልቻ መምህርት ተውኔት ላይ ደሴ ውስጥ የተፈጸመው ግፍ መብራት በርቶበት፣ አዳራሽ ሙሉ ሕዝብ እያየው ነውና አላየሁም ብሎ የሚያመልጥ የለም።

ተውኔቱ ሰባት ትዕይንት ነበረው። ባቲ አጠገብ የምትኖር እናት ልጇን ዓረብ አገር ለመላክ ከደላላ ጋር ትዋዋላለች። በሦስተኛው ትዕይንት ሰኞ ገበያ ወጥታ የእርሻ በሬዋን ትሸጣለች። ልጅቱ በሚሌ አድርጋ ወደ ጅቡቲ ትሄዳለች፤ ከዚያ ወዲያ ድምጿ ይጠፋል። በሰባተኛው ትዕይንት ጎረቤቱ ለቅሶ ተቀምጦ ደላላውን ሲራገም እናትየዋ ከተቀመጠችበት ትነሳና እንዲህ ትላለች፦

በሬዬን ሸጥኩና መንገድ ገዛሁላት፣
ደላላው ምን አረገ፣ እኔ ነኝ የሸጥኳት።

መብራት ይጠፋል፤ ተውኔቱ አለቀ። ጸሐፊዋ በመድረክ መመሪያው ላይ "ከዚህ በኋላ ሙዚቃ አይግባ" ብላለች። ሌላው ሁሉ የተጻፈው እነዚህ ሁለት ስንኞች እንዲነገሩ ነው።

መድረክ ላይ የታየው ግን ሌላ ነው። አዳራሹ ከትርዒቱ በኋላ ለሌላ ዝግጅት ተከራይቶ ስለነበር ሁለት ሰዓት የሚፈጀው ሥራ በአንድ ሰዓት ከሃያ ማለቅ አለበት ተባለ። "ታሪኩን ያዘገያል" ተብሎ ሦስተኛው ትዕይንት ወጣ። በሬው ሳይሸጥ ስለቀረ የመጨረሻው ስንኝ "የትኛው በሬ?" የሚያሰኝ ሆነ፤ ስለዚህ እሱም ወጣ። አንድ ክር ሲመዘዝ ጋቢው ሁሉ እንደሚተረተረው ማለት ነው። ስንኙ ሲወጣ መጨረሻው ባዶ ቀረ፤ ባዶውን ለመሙላት ፖሊስ ገብቶ ደላላውን በካቴና ወሰደው። ልጅቱ ስልክ ደወለችና "ደህና ነኝ እማ፣ ብሩን በባንክ ልኬልሻለሁ" አለች፤ የባንኩን ስም የጠራችው ስፖንሰር ስለሆነ ነው። በጽሑፉ ውስጥ የሌለ ዘበኛ ተጨመረ። የመጀመሪያው ቀን አንድ ቀልድ ጣል አደረገ፤ ሰው ስለሳቀ በሁለተኛው ቀን ቀልዱ ቋሚ ቃለ ተውኔት ሆነ፤ በሦስተኛው ቀን የዘበኛው ንግግር ከእናትየዋ ንግግር በለጠ።

ፖስተሩ ላይ "ድርሰትና ዝግጅት" ከሚለው ቀጥሎ ያለው የአዘጋጁ ስም ነው። የእሷ ስም ከታች፣ ከማተሚያ ቤቱ ስልክ በላይ፣ "መነሻ ሐሳብ" ተብሎ ሰፍሯል።

ከመጀመሪያው ቀን ትርዒት በኋላ አዘጋጁን ስትጠይቀው የተሰጣት መልስ "አብሽሪ መምህርት፣ ሕዝቡ አልቅሶ እንዳይወጣ ብለን ነው" የሚል ነበር። ሕዝቡ የተባልነው እኛ ነን። ማን ጠየቀን? የ1966ን ረሃብ ያየ፣ በ2014 ጦርነት ከቤቱ የተሰደደ ሕዝብ፣ አንዲት እናት ጥፋቷን ስታምን መስማት አይችልም ብሎ የወሰነልን ማነው? በእኛ ስም ቆረጡ፣ እኛም ለተቆረጠው አጨበጨብን።

ከትርዒቱ በኋላ በር ላይ አንድ ሽማግሌ ጠርተዋት "አንቺ ልጅ፣ ደላላውን ማሳሰርሽ እንዴት ደስ አሰኘኝ! አላህ ይጨምርልሽ" አሏት። በቅንነት ነው። እሷም እጅ ነስታ አለፈች። ጥፋቱ ደላላው ላይ ብቻ ተደፍድፎ ሁሉም እፎይ ብሎ ቤቱ እንዳይገባ ብላ ነበር የጻፈችው፤ የተመረቀችው ግን እፎይ ስላሰኘች ነው። ይህ ከፖስተሩ ይልቅ አንጀት ይበላል።

ሕግ የለም እንዳትሉ። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410 ከ1996 ጀምሮ አለ። በአንቀጽ 7 መሠረት ሥራን ለሕዝብ በመድረክ ማሳየትም፣ አሻሽሎ ወደ ሌላ መልክ መለወጥም የደራሲው መብት ነው። "ለመድረክ ፈቅዳለች" ማለት "ለመለወጥ ፈቅዳለች" ማለት እንዳልሆነ ከዚህ ይታወቃል። አንቀጽ 8 ደግሞ የሞራል መብት ነው፦ ደራሲነቷ እንዲታወቅላት መጠየቅ፣ ክብሯንና ስሟን የሚጎዳ ማዛባትን መቃወም። ይህኛው በሕይወት እያለች ለሌላ ሰው አይተላለፍም፤ ስለዚህ "ከፍለን ገዝተነዋል" የሚለው መልስ አያዋጣም። አዋጁ ለሞራል ጉዳት የሚከፈለው ካሳ ከ100,000 ብር እንዳያንስ ይላል፤ በአንቀጽ 36 ሆን ብሎ መብት ለጣሰ የእስራት ቅጣት አስቀምጧል። መብቱም ሥራው ሲፈጠር አብሮ ይወለዳል፤ አእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ዘንድ ማስመዝገብ ለማስረጃ ይጠቅማል እንጂ መብቱን አይፈጥረውም።

ለአዘጋጆች ፍትሐዊ ልሁን፤ የአዘጋጅ ሥልጣን ሰፊ ነው። የተዋናይ ምርጫ፣ እንቅስቃሴው፣ መብራቱ፣ አልባሳቱ፣ የንግግሩ ፍጥነት የእሱ ነው። እናትየዋ ያንን ስንኝ በሹክሹክታ ትበለው ወይስ ትጩህበት? እሱ ይወስን። ቃሉን፣ የትዕይንቱን ቅደም ተከተል፣ የገጸ ባሕርያቱን ቁጥር፣ ርዕሱንና መጨረሻውን መንካት ግን ከዚህ ሥልጣን ውጭ ነው። ሰዓት ጠቦ ከሆነም ጽሑፉን ከመቁረጥ በፊት የሚታይ ነገር ነበር። በሰባት ትዕይንት መካከል ስድስት ጊዜ መድረክ ይለወጣል፤ እያንዳንዱ ለውጥ ጨለማ ውስጥ ሦስት ደቂቃ ቢፈጅ አሥራ ስምንት ደቂቃ ዕቃ በማመላለስ ያልቃል። ጎጆውን በአንድ ጥግ፣ ገበያውን በሌላው ጥግ ተክሎ በመብራት ብቻ ቢሸጋገሩ ኖሮ ሦስተኛው ትዕይንት ሊተርፍ ይችል ነበር። የቀረውን ለማሳጠር ደግሞ ደራሲዋን ነበር መጠየቅ። የትኛው ንግግር ቢወጣ የማይጎዳ መሆኑን ከእሷ የተሻለ የሚያውቅ የለም።

እናንተ የምትጽፉ ወጣቶች፣ ውሉ ከመጀመሪያው የንባብ ልምምድ በፊት ይፈረም፤ ፍላጎት ከተሟሟቀ በኋላ የሚፈርም አይገኝም። የጽሑፉ ገጾች ቁጥር ይኑራቸው፣ በሁለት ቅጂ ሁለታችሁም እያንዳንዱ ገጽ ላይ ፈርሙ። ውሉ ስንት ጊዜ፣ የት ከተማ፣ እስከ መቼ እንደሚታይ፣ ክፍያውንና ፖስተር ላይ ስማችሁ ምን ተብሎ በምን መጠን እንደሚጻፍ ይናገር። ለውጥ የፈለገ በወረቀት ይጠይቅ፦ ገጹ፣ የነበረው ቃል፣ የሚተካው ቃል፣ ምክንያቱ። መልስ አለመስጠት እንደ ፈቃድ እንደማይቆጠር፣ የተፈቀደው ለውጥም የደራሲው ንብረት እንደሚሆን ይጻፍ። ትርዒቱ አንድ ሳምንት ሲቀረው ሙሉ ልምምዱን የማየት መብት አስገቡበት፤ መድረክ ከወጣ በኋላ ማስተካከል ከባድ ነው። ውሉ ከተጣሰ ፖስተሩን፣ ትኬቱንና የትርዒቱን ቀረጻ ያዙ፣ በጽሑፍ አስጠንቅቁ፣ እምቢ ካሉ ፍርድ ቤት ትርዒቱን እንዲያግድ ጠይቁ።

በውጭው ዓለምም ይህ ጠብ አለ። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1984 አሜሪካ ውስጥ አንድ ቲያትር ቤት የአየርላንዳዊውን ጸሐፌ ተውኔት የሳሙኤል ቤኬትን ሥራ በመድረክ መመሪያው ላይ ከተጻፈው ውጭ አዘጋጀው፤ ነገሩ በስምምነት ሲያልቅ የቤኬት ተቃውሞ ለተመልካች በሚታደለው ፕሮግራም ውስጥ ታትሞ ወጣ። ተመልካቹ ቢያንስ ምን እያየ እንደሆነ አወቀ። እኛ ዘንድ በሳንሱር ዘመን እንኳ ደራሲው የተሰረዘበትን መስመር አይቶ ያውቅ ነበር። ዛሬ ሰራዡ የራሳችን ልጅ ነው፣ ደራሲዋም መሰረዟን የምታውቀው እንደኛው ትኬት ይዛ ገብታ ነው።

ታዲያ ምን እንጠይቃችሁ? አዳራሽ ያላችሁ፣ ከማከራየታችሁ በፊት የደራሲውን የተፈረመ ፈቃድ እዩ፤ የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው። ተዋንያን፣ ያልተጻፈ ቃል ሲሰጣችሁ "ደራሲዋ አውቃለች?" በሉ። ተመልካቾች፣ ፖስተር ላይ "ድርሰት" የሚለውን ፈልጉ፤ ከሌለ በር ላይ ጠይቁ። ይህን ስንል የመጀመሪያችን አይደለም፣ ሰሚ ስለመኖሩም እርግጠኛ አይደለንም። መምህርቷ ግን መጻፏን አልተወችም፤ ሌላ ተውኔት ጨርሳለች። ለደሴ ቡድን ትሰጭ ይሆን ተብላ ስትጠየቅ ሳትቀየም "የሚፈርም ካለ" ብላለች። የሚፈርም ቡድን ይኖረን ይሆናል፤ ዘንድሮ ካልሆነ ለከርሞ።